ባሕር የተሻገረ ድምፅ

ቡሬ መናኸሪያ ሚኒባስ ስጠብቅ ዝናቡ የተጠለልኩበትን ሱቅ ቆርቆሮ ሲደበድበው፣ ልቤ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ልጅነት ጓደኛዬ ወደ ዘይነብ ቤት ሄደ።

የዘይነብ ወንድም መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ፣ ድምፁን በካሴት ቀርጾ በሰው እጅ ላከ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ሁላችንንም በየስማችን ጠርቶ ሰላም ካለ በኋላ፣ "አሁን ደግሞ ባሕሩን ስሙት" ብሎ ዝም አለ። እንደ ዶፍ ዝናብ ያለ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ዘይነብ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ።

የእኔ ወንድም ባሕር አልተሻገረም። ሥራ ፍለጋ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ከሄደ ወዲህ ግን እስከ ዛሬ ወሬው የለም። ካሴቱ ሲያልቅ እናቴ ዘይነብን፣ "እባክሽ ልጄ፣ ደግመሽ አሰሚኝ" ብላ ለመነቻት። በሌላ ሰው ልጅ ድምፅ ፈገግ ስትል ሳያት ቀናሁ። ካሴቱ በተበጠሰ ብዬ ተመኘሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ አብረውን የነበሩትን አያቴን፣ "አባባ፣ ከዓባይና ከውቅያኖስ የትኛው ይሰፋል?" አልኳቸው።

"ውቅያኖስስ መርከብ አለው፣ ልጄ" አሉ በዝግታ። "መሻገሪያ የሌለው ዝም ያለ ሰው ነው።"

እናቴ እንዳልሰማች ሆና ቀድማን ሄደች።

ዛሬ ዘይነብና ወንድሟ በስልክ እየተያዩ ያወራሉ። ቤቷ ካገኘችኝ ሰላም እንድለው ስልኩን ወደ እኔ ታዞረዋለች። እኔም ሰላም እለውና፣ ሥራ አለብኝ ብዬ እወጣለሁ።