ሰባት ደቂቃ የሚቀድመው ሰዓት

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «እትዬ ሬዲዮ» ይላታል፤ ፊት ለፊት የሚደፍር ግን የለም። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ደንበኛ ሱሪው እስኪያልቅ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ይሰማል፤ ሱሪው ቀድሞ ካለቀ ደግሞ ወሬው እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ግራ ጆሮው አይሰማም፤ አጠገቧ ሲቀመጥም ሁልጊዜ በግራ ጆሮው በኩል ያስቀምጣታል።

ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ «የሰፈራችንን ታሪክ በፖድካስት መተረክ፤ የስድስት ሳምንት ሥልጠና» የሚል ማስታወቂያ ስታይ ለእሷ ብቻ የተለጠፈ መሰላት። ፖድካስት ምን እንደሆነ አታውቅም። መተረክን ግን ማን ሊያስተምራት!

የመጀመሪያው ቀን አሠልጣኟ፣ ከልጇ የማትበልጥ ቀጭን ወጣት፣ ድምጿን ቀዳችና መልሳ አሰማቻት። ልብስ ሰፊዋ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቅላ፣ «ይቺ ጯሂ ሴትዮ ደግሞ ማናት?» አለች።

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

«እኔ? እኔ እንዲህ አልጮኽም!» ብላ ስትጮኽ ድምፅ ሲበዛበት የሚበራው የመቅጃው ቀይ መብራት በራ።

የቤት ሥራው አንድ የሰፈር ሰው አነጋግሮ መምጣት ነበር። እሷም ከሱቋ ጎን ያለውን ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ መረጠች። በሳምንቱ አሠልጣኟ ቅጂውን ለክፍሉ ከፈተችው።

«ጋሼ፣ ሥራውን የጀመሩት በልጅነትዎ ነው አይደል? አዎ፣ በልጅነትዎ ነው። አባትዎ ይሆናሉ ያስተማሩዎት። እኔም እኮ መቀስ ስይዝ ገና...»

እንዲህ እያለ ሃያ ስድስት ደቂቃ ሄደ። አሠልጣኟ በስልኳ እየለካች ቆይታ፣ «ጋሼ የተናገሩት አርባ ሰኮንድ ነው» አለች፤ «ከዚያም ውስጥ አሥሩ ሳል ነው።» ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ።

ልብስ ሰፊዋ ቤቷ ገብታ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወረወረችው። «ሁለተኛ እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም!» ብላ የሆነውን ሁሉ ከሥር ከመሠረቱ ለባሏ ነገረችው። እሱም ቀስ ብሎ ቀኝ ጆሮውን አዞረና ጠየቃት፦

«ለመሆኑ፣ በአርባዋ ሰኮንድ ምን አሉ?»

አፏን ከፈተች። ምንም አላስታወሰችም። ከክፍሉ ሳቅ ይልቅ ያንገበገባት ይሄ ነው።

በማግሥቱ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ ስታጥፍ እንደ ልማዷ ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ ነበር። ደንበኛዋ ስለ አማቷ ታወራለች፣ ታወራለች፤ ወሬው ደግሞ ይጥማል! ልብስ ሰፊዋ ያኔ አንድ ነገር ገባት። በሕይወቷ ሰው ሳታቋርጥ የሰማችው ስፒል ስትነክስ ብቻ ነው።

ሰዓት ጠጋኙን እንደገና ጠራችው። የመንገዱ ጥሩምባ እንዳይገባ ብላ ጠባቧ የልብስ መለኪያ ክፍል ውስጥ፣ በተሰቀሉት ካፖርቶች መሐል፣ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። መጋረጃውን ዘጋች። «ጋሼ፣ ሠርተውት ለማንም ያልነገሩት ነገር አለ?» ብላ ወዲያው ስድስት ስፒል ነከሰች።

ሁለት ጊዜ «ምናልባት» ልትል ስትል ስፒሉ ምላሷን ወጋት። ሰውየው ካፖርቶቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የአደባባዩን ሰዓት ታስታውሺያለሽ?»

ራሷን ነቀነቀች። በየሳምንቱ ማማው ላይ ወጥቶ ይሞላው የነበረው እሱ ነው።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰባት ደቂቃ አስቀድሜው ነበር» አለ። «ባለቤቴ ክር ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ጥርቅም ነው። እሷ ደግሞ ቤት ቢቃጠል ፀጉሯን ሳታበጥር አትወጣም። ሁለቴ አስጠነቀቋት፤ በሦስተኛው ሊያባርሯት ነው። ፍጠኚ ብላት ትቆጣለች። ጨነቀኝ። ለእሷ ስል ሰፈሩን በሙሉ አስቀደምኩት።»

ልብስ ሰፊዋ ስፒሉን ልትውጠው ምንም አልቀራት። በእነዚያ ዓመታት ባሏ አውቶቡሱን የሚያስነሳው ከዚያው አደባባይ፣ ያንኑ የማማ ሰዓት እያየ ነበር። «ተሳፋሪ ጥለህ ትነሳለህ» ተብሎ ሦስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶታል። በሰዓቱ ነው የተነሳሁት ብሎ ቢምል ቢገዘት ያመነው የለም። እሷም አላመነችውም።

ቅጂውን መጀመሪያ ቤት ወስዳ ለባሏ አሰማችው። እስከ መጨረሻው ሰማና ተነሣ። «አላልኩሽም?» አለ። ክፍሉን ዞረና፣ «አላልኩሽም? አላልኩሽም?» እሷ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ራሷን ገታች፤ ስፒሏን ነክሳ መቅጃውን አበራች። አርባ ደቂቃ ተናገረ። ከኋላው ጫማዋን እያወዛወዘች ስለሮጠችው ሴት፣ የስምሪት ኃላፊው ፊት ቆሞ ስለማለባቸው ቀናት፣ ቤት ሲገባም ገዛ ሚስቱ «መቻኮል አመልህ ነው» ስላለችው። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብራው ስትኖር ይህን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ሲጨርስ ስፒሎቹን አወጣችና፣ «ይቅርታ» አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሥልጠናው አልቆ ቅጂዎቹ ለሰፈሩ ሰው በሚሰሙበት ዕለት የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ሞላ። ሰዓት ጠጋኙ ቅጂው እንዲሰማ የፈቀደው ሚስቱ ጉልበቷን ስለሚያማት አትመጣም ብሎ ነው። እሷ ግን ዝግጅቱ ከተጀመረ በኋላ ፀጉሯን አሳምራ አበጥራ ገባች፤ ኑዛዜው ላይ ደረሰች። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት።

«እኔ እኮ በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያወቅሁት» አለች። «የፋብሪካውን ሰዓት አላይም እንዴ?»

ሰዓት ጠጋኙ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። «ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ሰባት ደቂቃ ጨምሬ ተኛሁበት።»

«ታዲያ እንዴት አላባረሩሽም?»

«ዘበኛው የአክስቴ ልጅ አይደል! በጓሮ በር ያስገባኝ ነበር።»

ሹፌሩ ከኋላ ብድግ አለ። «ታዲያ እኔ ሦስት ደብዳቤ የተቀበልኩት ለምንድን ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አሠልጣኟ እንባዋን እየጠረገች መቅጃው እየቀዳ መሆኑን አረጋገጠች።

በሳምንቱ ሰዓት ጠጋኙ ሹፌሩን ይዞ የድሮው የስምሪት ኃላፊ ቤት ሄደ። ኃላፊው እሱም ጡረታ ወጥቶ ጎመን ይኮተኩታል። ነገሩን ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፤ ከልጅ ልጁ ደብተር አንድ ገጽ ቀዶም ሦስቱን ማስጠንቀቂያዎች የሚሽር ደብዳቤ ጻፈ። ማኅተም ስለሌለው ሁለት ቦታ ፈረመበት።

ሹፌሩ መንገድ ላይ ደጋግሞ አነበበው። ቤት ሲደርስም ሚስቱን ከስፌት መኪናዋ አስነሥቶ በቀኝ ጆሮው በኩል አስቀመጣትና ጮክ ብሎ አነበበላት።