ባነር ላይ የቀረችው ፕሮግራመር

ሰው በገዛ ፎቶው ይቀናል ቢባል ማን ያምናል? እሷ ግን ትቀናለች። ፎቶዋ ያለበት ባነር ከራሷ ይረዝማል፤ ፊቱ ጠርቷል፣ ጥርሱ ነጥቷል፣ ይባስ ብሎ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ኮድ ይጽፋል። እሷ ራሷ ኮድ ከጻፈች ዓመት ሊሆናት ነው። አሁን ሥራዋ ያንን ባነር ጠቅልሎ ትከሻ ላይ ማንገትና ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት መዞር ነው። ሴት ተማሪዎች ፊት ቆማ "እናንተም ጌም መሥራት ትችላላችሁ" ትላለች፣ ይጨበጨብላታል፣ ባነሩን ጠቅልላ ትመለሳለች።

ቢሮ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ "አርአያ" ነው የሚሏት። ነገሩ የጀመረው አለቃቸው ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ይቺ ለሴቶች ልጆቻችን አርአያ ናት" ማለት ሲያበዛ ነው። ወንዶቹ ሰምተው ዝም ይላሉ? "አርአያ፣ እስቲ ቻርጀር አቀብዪኝ"፤ "አርአያ፣ መጸዳጃ ቤቱን የቆለፍሽው አንቺ ነሽ?" ስሙ እንደ ማስቲካ ተጣብቆ ቀረ።

የጌም ቤቱ ቢሮ ከጥርስ ሐኪም ክሊኒክ በላይ ያለ፣ አንድ መስኮት ብቻ ያለው ረዥም ክፍል ነው። ጌም ሠሪዎቹ ግድግዳውን ተከትለው፣ ስክሪናቸው ላይ ተደፍተው ይውላሉ። የሚሠሩት ጌም ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለች ዕቃ ስለምታደርስ ልጅ ነው፤ ተጫዋቹ በጣቱ ያዘልላታል፣ ካልቻለበት ትወድቃለች። አርአያ ስትቀጠር የተሰጣት ሥራ የዚችው ልጅ ዝላይ ነበር።

እዚያ ቤት አንድ ልማድ አለ። የማንኛውንም እንቅስቃሴ ኮድ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይሠራዋል፣ ሌላው በስልክ ይቀርጸዋል፣ ከዚያ ቀረጻውን እያዘገዩ ጉልበት የት ላይ ታጠፈ፣ ክንድ መቼ ተነሣ እያሉ ያዩታል። እሷ ከመምጣቷ በፊት ሲዘል የኖረው ሆዱ ቀድሞት የሚደርሰው ሠዓሊያቸው ነበር። ስለዚህ ጌሙ ውስጥ ያለችው ሸንቃጣ ልጅ ጣሪያ ላይ ስታርፍ እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ዱብ ትል ነበር። አርአያ ጫማዋን አውልቃ፣ ኮሪደሩ ላይ ከወንበር ወንበር ስትዘል ዋለች። ጥርስ ሐኪሙ አፉን የከፈተ ታካሚ ጥለው ደረጃውን ወጡ።

"ልጆች፣ ፈረስ ነው እንዴ የገዛችሁት? መሰርሰሪያ ይዤ እኮ ነው ያለሁት።"

"ይቅርታ ዶክተር፣ አንድ ጣሪያ ብቻ ነው የቀረኝ" አለቻቸው።

ሥራው ሲያልቅ የጌሟ ልጅ ጉልበቷን አጥፋ ታርፋለች፣ ትንሽ ወዝወዝ ትላለች፣ ከዚያ ቀጥ። ያየ ሁሉ ሳይታወቀው የራሱን ጉልበት ሸብረክ ያደርግ ነበር። አርአያ እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሴት ልጆችን ወደ ጌም ሥራ እናበረታታለን የሚል ድርጅት ከቤቱ ጋር ተዋዋለ። አለቃው "አንድ ቀን ብቻ ሄደሽ ንገሪያቸው" አላት። ሄደች። ምላሷ አያርፍ፣ ጨዋታ ታውቃለች፤ ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ፣ ርዕሰ መምህርቷ ዕንባቸውን ጠረጉ። አለቃው ቪዲዮውን አየና፣ "ለካ እሳት ነሽ" አላት። ያኔ አንደበቷ ተሳስሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ወንበሯ ላይ ነበረች።

አንድ ቀን የተባለው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ወለደ። ዝላዩ እሷ እስክትመለስ ተብሎ ለጆሮ ዳባ ተሰጠ። ጆሮ ዳባ ማዳመጫ ከጆሮው የማያወርድ፣ ቤት እየነደደ ቢጠሩት የማይሰማ ልጅ ነው። መስኮቱ ሥር የነበረው ወንበሯም እስክትመለስ ተብሎ ፕሪንተሩ አጠገብ ሄደ። ቀጥሎ የፕሪንተሩ ወረቀት ማረፊያ አጣና ወንበሯ ላይ ተከመረ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወይ ወረቀቱን አቅፋ ትቀመጣለች፣ ወይ ቆማ ትውላለች።

"አለቃ፣ ወደ ሥራዬ መልሰኝ" አለችው አንድ ቀን።

"ሥራሽ ላይ አይደለሽም እንዴ?"

"ኮድ ማለቴ ነው።"

"ኮድ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። አንቺን የመሰለች ከየት አመጣለሁ? ስንት ልጅ አንቺን አይታ ተነሣሣች።"

"እኔን አይደለም የሚያዩት፣ ባነሩን ነው።"

"ባነሩ እኮ አንቺ ነሽ" አላት። አለቃው ክፉ ሰው ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው ሰድበውት ይወጣሉ። እሱ ግን የልቡን ነው የሚናገረው፣ ሲጨርስም ሻይ ያዝላታል።

ጥላ እንዳትሄድ፣ ሌሎቹ የጌም ቤቶች ሁሉ የሚያውቋት በተናጋሪነቷ ነው፤ ሥራ ስትጠይቃቸው "የእኛንም ትምህርት ቤቶች ብታዳርሺልን" ነው መልሳቸው። አልዞርም ብላ ብትቀመጥ ደግሞ "አይ፣ ሴት ልጅ መች ይዘልቅላታል" የሚሉት አፋቸውን አሰናድተው እየጠበቁ ነው። ቤቷም ያው ነው። አርአያ በቴሌቪዥን ከታየች ወዲህ ጎረቤት ሁሉ ሳይጠራ ይገባል፤ እናቷም ሳትጠየቅ እያወራች ሰፈሩን በወሬ አጥለቅልቃዋለች።

"እማ፣ ይኼን መዞር ልተው ነው" አለቻት።

"ውይ፣ ምን ጎደለሽ ልጄ? ሰው ወገቡ እስኪቆረጥ ሲለፋ፣ አንቺ አውርተሽ ትበያለሽ። አክስትሽ ዕድሜዋን ሙሉ ስታወራ ማን ምን ከፈላት?"

አርአያ ባነሩን አንግታ ወጣች።

እንዲህ እያለች አንድ ትምህርት ቤት ሄደች። ንግግሯን ጨርሳ ጥያቄ ስትቀበል ከኋላ መደዳ አንዲት ተማሪ ተነሣች። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ ይኼንንም ማንም ሳይጠይቃት ራሷ ተናገረች። የጌሙን መሞከሪያ በአባቷ ደንበኞች ስልክ እንደምትጫወት፣ ሰውየው ሱሪው እስኪያጥር ሲጠብቅ ስልኩን እንደምትለምነው፣ አንዱ ደንበኛ ስልኩን ስለወደደችበት ሱሪውን ሳያሳጥር እንደሄደ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው። ጓደኞቿ "ሬዲዮ" የሚሏት ለካ በከንቱ አይደለም።

"ቲቸር፣ ልጅቷ ድሮ ስታርፍ ጉልበቷን ታጥፍ ነበር። አሁን እንደ መጥረጊያ እንጨት ቀጥ ብላ ነው የምታርፈው። ማነው ያበላሻት?"

አዳራሹ ሳቀ። አርአያ ግን ነገሩን ገና አሁን መስማቷ ነበር። የገዛ ሥራዋ መበላሸቱን የነገረቻት የልብስ ሰፊ ልጅ ናት።

"እርስዎ አሁን የሚሠሩት የትኛውን ነው?" አለች ሬዲዮ፣ አልተቀመጠችም።

አርአያ ከጎኗ የቆመውን ባነር አየች። "ዝላዩን" አለች።

"እንግዲያው እርስዎ ነዎት ያበላሹት?"

ቢሮ እንደተመለሰች ጆሮ ዳባን ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅላ ጠየቀችው። ጉልበት ማጠፉ ደካማ ስልኮች ላይ ጌሙን ያጓትተው ስለነበር ቆርጦ እንደጣለው ነገራት።

"ሳትነግረኝ?"

"የት አግኝቼሽ?" አለ። ተንኮል አልነበረበትም፤ እውነቱን ነው።

ሬዲዮ ትምህርቷን ጨርሳ ቤቱ ለልምምድ ሴት ልጅ እቀበላለሁ ሲል የመጀመሪያዋ ሆና መጣች። "አንቺ በዪኝ" ብላ አርአያ አላመደቻት። ወንዶቹ ለምሳ ሲወጡ ሁለቱ የጆሮ ዳባ ስክሪን ፊት ቁጭ ይሉና ያንን ጉልበት ያጥፉታል፤ አርአያ ታሳያለች፣ ሬዲዮ ትጽፋለች፣ እየጻፈችም ስለ አባቷ ደንበኞች ትለፈልፋለች። ጌሙን ሳያጓትቱ ልጅቷን ጉልበቷን አጥፋ እንድታርፍ የሚያደርገውን መንገድ ያገኘችው ሬዲዮ ናት። አርአያ ደጋግማ ሞከረችው፣ ሠራ። ደስታዋ ውስጥ አንድ ነገር ቆነጠጣት፤ የራሷ ጣት ቁልፎቹ ላይ ሲንደፋደፍ የሬዲዮ ጣት ይበር ነበር።

የልምምዱ ጊዜ ሊያልቅ ሲል አለቃው አርአያን ለብቻዋ ጠራት። ፊቱ በርቷል።

"ተገላገልሽ" አላት። "ሰኞ ወደ ወንበርሽ ትመለሻለሽ። ዝላዩን ትረከቢያለሽ።"

አርአያ የሰማችውን አላመነችም። ወረቀቱን ከወንበሯ ላይ አንሥታ የት እንደምታደርገው ሁሉ በሐሳቧ አየች። በሐሳቧም ወንበሩን መልሳ መስኮቱ ሥር አስጠጋችው። ከዚያ ጠየቀች፤ ባትጠይቅ በወደደች።

"ተለማማጇስ?"

"ትቀጠራለች። ለእሷም አዲስ ባነር አዝዣለሁ።"

"ኮዱስ?"

"ቀስ ብላ ትደርስበታለች፣ ማን ያጣድፋታል? ለጊዜው አንቺ የምትዞሪውን ትዙር። ልጅ ናት፣ ከአንቺ ይልቅ ተማሪዎቹን ትመስላለች። እስክትለምድ ነው።"

እስክትለምድ። አርአያ የቃሉን ዘመዶች፣ እነ "እስክትመለስ"ን፣ ታውቃቸዋለች፤ ፕሪንተሩ አጠገብ አብራቸው ቆማለች።

"አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ" አለ አለቃው፣ "አንቺ ነሽ የምታውቂያት። እኔ ፊት እንደሆነ ከሰላምታ አልፋ አታውቅም። ሰው ፊት ቆማ መናገር ትችላለች?"

እውነት ነው፤ ሬዲዮ እሱን ስለምትፈራው እሱ ባለበት ድምፅዋ ይጠፋል። ይኼን ፍርሃት የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አርአያ "ትችላለች" ብትል ውሸት አልተናገረችም። አንድ ቃል ናት፤ ቃሏን ተናግራ ወንበሯን መውሰድ ትችላለች። ልጅቷም ብትሆን መጀመሪያ ደስ ይላታል፤ በቴሌቪዥን መታየት ማን ይጠላል? አባቷም ፎቶዋን ሱቁ ላይ ይለጥፈዋል፣ ደንበኛ ሁሉ ያያታል። ከዚያ ጣቷ ቀስ እያለ ይደነዝዛል፣ ማንም ሳይበድላት።

"አይ" አለች አርአያ። "እሷን እንኳን ተወው።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ሰው ፊት ስትቆም ይይዛታል። ትምህርት ቤታቸው የሄድኩ ዕለት ጥያቄ ልትጠይቅ ተነሥታ ከነወንበሯ ነው የወደቀችው። ውኃ ረጭተን ነው ያነሣናት።"

"ከነወንበሯ?"

"ርዕሰ መምህርቷም ደንግጠው አብረዋት ሊወድቁ ነበር።"

አለቃው ራሱን ነቀነቀ። ከልቡ አዘነ። "ምስኪን። እንግዲያው ኮዱ ላይ ትቀመጥ፣ አናስጨንቃት።" ትንሽ አሰበና፣ "አንቺ ግን ይከፋሻል። ተስፋ ሰጥቼሽ ነበር" አላት።

"ምንም አይደል" አለች።

ሬዲዮን ደረጃው ላይ አገኘቻት። ነገሩን ስትሰማ ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ።

"ከነወንበሬ? ቲቸር፣ እኔ እኮ ወንበር ላይ አልነበርኩም፣ ቆሜ ነበር።"

"ይኼን ለማንም እንዳትናገሪ።"

"ማለት አሁን ዝም ልል ነው?"

"አለቃው ባለበት ሁሉ። እንግዳ ሲመጣም። ፎቶ አንሺ ሲመጣማ ጭራሽ፣ ጠረጴዛ ሥር ግቢ።"

"እኔ?"

"አንቺ።"

ሬዲዮ ደረጃው ላይ ዘፍ አለች። ዝም ማለት ለእሷ ትንፋሽ እንደመያዝ ነው። "እስከ መቼ?"

"ከኮዱ ላይ የማትነሺ እስክትሆኚ። ያለ አንቺ ዝላዩን የሚነካው ሰው እስኪጠፋ።"

"አንቺስ?"

አርአያ መልስ ፈለገች። ለተማሪዎች የምትሰጠው የተዘጋጀ መልስ ሞልቷት ነበር፣ አንዱም ለዚህ አይሆንም።

"እኔን እንደሆነ አውቀውኛል፤ አልቋል" አለች። "አንቺን ገና ማንም አላወቀሽም።"

ሰኞ ዕለት ሬዲዮ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። አለቃው አጠገቧ መጥቶ ጎንበስ ብሎ፣ ሕመምተኛ እንደሚጠይቅ ሰው በለስላሳ ድምፅ፣ "አይዞሽ፣ ማንም አያናግርሽም" አላት። ሬዲዮ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። አንገቷ ድረስ ቀልታለች፤ የታመቀው ወሬ እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። አለቃው ግን "አየሽ፣ እውነትም ዓይነ አፋር ናት" ብሎ ለአርአያ በሹክሹክታ ነገራት።

ከዚያ ድርጅቱ ውሉን ማራዘሙን፣ አሁን ደግሞ ከከተማ ውጪ ያሉትን ትምህርት ቤቶች እንደሚጨምሩ አበሠራት። መኪናው ታች እየጠበቀ ነበር። አርአያ ቦርሳዋን አነሣች። ከመስኮቱ ሥር የቁልፍ ሰሌዳ ድምፅ ይሰማል፤ ፈጣን ነው፣ አያቋርጥም፣ አፍ የተዘጋበት ሰው በጣቱ እንደሚለፈልፍ። ዞራ ማየት ፈለገች። ካየች ስክሪኑን ታያለች፣ ስክሪኑን ካየች ትቀመጣለች።

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ወረደች።