እትዬ ነጥብና የኦዞኑ ጥያቄ

ተማሪዎቿ በሌለችበት «እትዬ ነጥብ» ይሏት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኬሚስትሪ ስታስተምር፣ በአቶሙ ዙሪያ ኤሌክትሮኖቹን በነጥብ አሟልቶ ያልሣለ ልጅ ከእጇ በዋዛ አያመልጥም። ያወጡላትን ስም ታውቀዋለች፤ ቅር አላላትም። እሷን የሚቀፋት ሽምደዳ ነው። ተሸምድዶ የመጣ መልስ ስታይ፣ ሌላ ሰው ያላመጠውን እንዳጎረሷት ሁሉ ፊቷን ታጨማድዳለች።

አንድ ዓመት የፈተና ቢሮው ወረቀት እንድታርም ጠራት። እርማቱ በአንድ ትምህርት ቤት የመመገቢያ አዳራሽ ነበር። ጠረጴዛው ክንድ ላይ ይጣበቃል፤ ቤቱ የከረመ ዘይት ይሸታል። አስተባባሪው ድሮ እሷው ያስተማረችው ሰውዬ ነው። ጣቱን በምራቁ እያራሰ ወረቀቱን ይቆጥርና ያንኑ እርጥቡን ያቀብላታል።

አሥራ አራተኛው ጥያቄ ስለ ኦዞን ነው፤ ሦስት የተያያዙ ኦክስጅኖች። ሣሉና ኦክስጅኖቹን ከሚያያይዙት ሁለት ቦንዶች የትኛው እንደሚጠነክር ንገሩ ይላል። ሲሣል አንዱ ጎን ድርብ፣ ሌላው ነጠላ ሆኖ ይወጣል። የመልሱ ቁልፍም «ድርቡ» ይላል። እሷም ደክሟት ነበርና ቁልፉን እያየች ስልሳ ያህል ወረቀት አረመች።

ከዚያ አንድ ወረቀት መጣ። ተማሪው ድርቡን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ አድርጎ ሁለት ሥዕል ሥሏል፤ በመካከላቸው ባለሁለት ራስ ቀስት። ከሥሩ እንዲህ ብሏል፦ «እውነተኛው ኦዞን ከሁለቱ አንዱም አይደለም፤ የሁለቱ ቅልቅል ነው። ስለዚህ ቦንዶቹ እኩል ናቸው። ከነጠላ ይጠነክራሉ፣ ከድርብ ይላላሉ።»

እስክሪብቶዋ አየር ላይ ቀረ። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምትሥለው ይህንኑ ነው። ያረመቻቸውን መልሳ ስታገላብጥ፣ እንዲሁ የመለሱ ሦስት ተማሪዎች ላይ ኤክስ አድርጋለች። ከቁልፉ ይልቅ የገዛ እጇ አስጠላት።

ወረቀቱን ይዛ ወደ አስተባባሪው ሄደች። አነበበው፤ አልተከራከራትም።

«ቲቸር፣ ልክ ነው። እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ? ግን ቁልፉ ተፈርሞበታል። በቁልፉ ያርሙ።»

«ስህተት መሆኑን እያወቅህ?»

«እያወቅሁ።»

ባያውቅ ይሻላት ነበር። ያላወቀውን ቁጭ አድርጋ ታስረዳዋለች፤ ይህን ምን ታደርገዋለች?

ወንበሯ ላይ ተመልሳ አራቱንም ልክ አደረገች፤ በየጎናቸው ፈረመች። አስተባባሪው መጥቶ እሽጉን ከፊቷ አነሳና አጠገቧ ለተቀመጠው አራሚ ሰጠው። አራሚው ቀና ሳይል አራቱንም መልሶ ሰረዘ። እሷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ቤቷ ገብታ ለፈተና ቢሮው አቤቱታ ጻፈች፤ ሥዕሎቹን ከነነጥባቸው አያይዛ ላከች። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፤ ጥያቄው ተሰርዟል፣ ነጥቡም ለሁሉም ይሰጣል። ባልደረቦቿ እንኳን ደስ ያለሽ አሏት። ታላቅ እህቷም ማንም ካልተጎዳ ምን ቸገረሽ፣ ተይው በቃ ብላ መከረቻት።

«እኩል የሆኑት ቦንዶቹ ናቸው እንጂ መልሶቹ አይደሉም» አለቻት። እህቷ አልገባትም፤ እሷም ለማስረዳት ጉልበት አጣች።

በዓመቱ ለእርማት ሲጠሯት አልሄደችም። አስተባባሪው አድጎ የመልስ ቁልፍ አዘጋጅ መሆኑን የሰማችው መምህራን ክፍል ውስጥ ነው። የጀመረችውን ሻይ አስቀምጣ፣ ደወሉ ሳይደወል ወደ ክፍሏ ሄደች።