የወዚር ዕቅድ፣ የመሪየም ጉዞ

በ1972 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከሮቤ ገበያ አጠገብ ያለው የወዚር ልብስ ስፌት ቤት ጸጥ ብሎ ነበር። የስፌት መኪናውማ እንደ ልማዱ ይንጣጣል። አፉን የዘጋው መስኮቱ ደፍ ላይ የተቀመጠው የሸክላ ማጫወቻ ነው። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሮቤ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሞልቷል፤ ከገሰራ በበቅሎ የሚመጣ ገበሬ ጨርቁን ይዞ ሦስት ሰፊ አልፎ ወዚር ዘንድ የሚገባው፣ ሱሪው እስኪደርስለት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ዘፈን ስለሚሰማ ነበር። ሱሪው አልቆለት እንኳ "ቆይ፣ ይቺን ልጨርስና" ብሎ የሚቀመጥ ብዙ ነው።

ወዚር ያኔ አርባ ዓመት ቢሞላው ነው። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ሜትሩን እንደ ሻሽ አንገቱ ላይ የሚጠመጥም ሰው። ማጫወቻውን የገዛው ከጎባ ወደ ሌላ አገር ከተዛወረ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ በስድስት የባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ሚስቱ መሪየም ከመጋረጃው ወዲያ፣ በጓዳው መስኮት ሥር ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትዘመዝማለች። ደንበኛ መጋረጃውን አያልፍም። ወዚር ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ የቀረውን በመጋረጃው ሥር ያሳልፍላታል። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ማጫወቻውን ያበላሸው ወዚር ራሱ ነው። መጋቢት ላይ መርፌው አለቀ። ጎባ ሄዶ ጠየቀ፤ የለም አሉት። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። ወዚር ግን ልብስ ሰፊ ነው፤ መሳቢያው ሙሉ መርፌ ነው። ለወፍራም ካኪ የሚሆነውን መረጠ፣ አሳጠረው፣ በክር አስሮ ገጠመው። ሲገጥመው ያዩ ሰዎች እንዳይሆን ይሆናል ቢሉት፣ መርፌ መርፌ ነው አላቸው። የሞከረበት ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን ሸክላ ነው። መርፌው ከዳር እስከ መሐል አርሶት ወጣ። ጎረቤቱ ባለሱቁ ወልደጊዮርጊስ መጥቶ ሸክላውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየውና፣ "በል እንግዲህ ስንዴ ዝራበት" አለው።

ከዚያ ወዲያ አምስት ወር ሙሉ ዝምታ ሆነ። ገሰሬዎቹ ገበሬዎች ሁለት ጊዜ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የመኪናውን መንጣጣት ሰሙና፣ በሦስተኛው ሌላ ሰፊ ዘንድ ሄዱ።

ነሐሴ ላይ አሊዪ የሚባል፣ ከደሎ መና ቡና የሚጭን ሹፌር፣ የተቀደደ ኪሱን ሊያሰፋ ገብቶ ክፉ ወሬ ይዞ መጣ። አዲስ አበባ ሙዚቃ ቤቶቹ ሁሉ ወደ ካሴት እየዞሩ ነው፤ ፒያሳ ሸክላውን በካርቶን ሞልተው በር ላይ አውጥተውታል፤ መርፌም ቢሆን አሁን ያለው አለ፣ ሲያልቅ የሚያስመጣ የለም። ወዚር መቀሱን አስቀመጠ። ያን ቀን ሌላ ጨርቅ አልቆረጠም።

በማግስቱ ደብተር ገዛና ዕቅድ ጀመረ። ሦስት ቀን አዲስ አበባ፣ ከመንገዱ ጋር አምስት ቀን። ልጆቹን ጎባ የመሪየም እናት ዘንድ አድርሰው፣ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። የሚያድሩት መርካቶ፣ የመሪየም አክስት እትዬ ቀመር ቤት ነው። መሪየም ከጎባ ወዲያ ያየችው ከተማ የለም፤ ሲጋቡ ወዚር አዲስ አበባን አሳይሻለሁ ብሏት ነበር። ያን ቃል እሷ አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም። እሱም ባላነሳችው ቁጥር ይበልጥ ያስታውሰዋል።

ደብተሩ በአንድ ሳምንት ሞላ። አዲስ አበባን የረገጠ ሰው ሁሉ በሩን አልፎ መሄድ ተከለከለ፤ ይጠራል፣ ሻይ ይታዘዝለታል፣ ይጠየቃል። ሙዚቃ ቤቱ ከየትኛው ኬክ ቤት ጎን ነው? ሳምቡሳ በስንት ሰዓት ይወጣል? ስድስት ኪሎ አንበሶቹ ዘንድ ለመውጣት የትኛው አውቶብስ ይሻላል? ሰዓት እላፊ ሳይደርስ መርካቶ ለመግባት ከፒያሳ ስንት ሰዓት መነሳት ያስፈልጋል? ወልደጊዮርጊስ ድሮ አዲስ አበባ ስለኖረ በእርግጠኝነት ይመራዋል፤ ችግሩ የሚመራበት ቤት ግማሹ ፈርሷል። የጽሕፈት መኪና ሻጩን አልፈህ ወደ ግራ ይላል፤ አሊዪ ደግሞ ሰውየው ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው ይላል። "ይሙታ፣ ማዕዘኑ አብሮት ሞተ?" አለው ወልደጊዮርጊስ።

መሪየም አንድ ነገር ብቻ አስጻፈች። ከፎቅ ላይ ቆሜ ከተማውን ላየው እፈልጋለሁ አለች። ወዚር ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ከምሳ በኋላ ብሎ አሰፈረላት።

የቀረው የይለፍ ወረቀት ነው። በዚያ ዘመን ከቀበሌ ወረቀት ሳይዙ ኬላ ማለፍ አይታሰብም። ወረቀቱ ላይ ደግሞ "የጉዞው ምክንያት" የሚል መስመር አለ። ሰው የሚሞላው የታወቀ ነው፦ ሕክምና፣ ለቅሶ፣ ፍርድ ቤት፣ ንግድ። ወዚር ሐሙስ ጠዋት ሄዶ ለሊቀ መንበሩ ለኦቦ ጉሉማ እውነቱን ነገራቸው። ኦቦ ጉሉማ ደግ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸው አንድ ጆሮው ተሰብሮ በክር የታሰረ፣ ማኅተማቸውን በመሐረብ ጠቅልለው የሚይዙ። ሸክላና አንበሳ ለማየት ብዬ ብጽፍ በላይ ያሉት ምን ይሉኛል አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አዲስ አበባ ዘመድ ይኖረው እንደሆነ ጠየቁት። የሚስቱ አክስት እንዳለች ነገራቸው። በቃ፣ እሷ ታማለች ብለህ ና፣ እፈርምልሃለሁ አሉት።

ወዚር ደስ ብሎት ቤቱ ገባ። መሪየም ስትሰማ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቀና አለች።

"አክስቴን በአፌ አላስተኛትም" አለች።

ወረቀት ነው፣ ማንም አይጎዳም አላት። ቃል ከወጣ አላህ ዘንድ ይደርሳል አለችው። አክስቷ አንድ ቀን እንኳ ራሴን ሳትል የኖረች ሴት ናት፤ በደጇ በደህና ተቀምጣ ሳለ ሮቤ ላይ ቁጭ ብሎ በማኅተም ማሳመም ሟርት ነው። ነገ ብትታመም በምን ዓይኔ አያታለሁ? ወዚር ሌላ ዘመድ እንፈልግ ለማለት አፉን ከፈተና ተወው። አምስት ወር ጠብቆ፣ ደብተር ሞልቶ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ሊቀር ነው። ሦስት ቀን ተኮራረፉ፤ ልብሱ በመጋረጃው ሥር ብቻ ይመላለሳል።

ሰኞ መሪየም ነጠላዋን አደረገችና ደብተሩን ከመሳቢያው አወጣች። ወዚር የት ነው ቢላት፣ ቀበሌ አለችው። መኪናውን ጥሎ ተከተላት።

ቢሮው ተራ በሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። ኦቦ ጉሉማ "አካም ቡልቴ፣ መሪየም?" ብለው ተቀበሏት። ደህና አድሬአለሁ፣ አልሐምዱሊላህ አለች። አክስትሽስ እንዴት ሆነች ብለው ዓይናቸውን ጠቀስ አደረጉ፤ መንገዱን ጠርገውላት መጠበቃቸው ነው።

"አክስቴ ደህና ናት። ምንም አላመማትም" አለች መሪየም። "እኛ የምንሄደው ልናይ ነው። እርስዎ ይስሙና የሚያሳፍር ነገር ካለበት ይከልክሉን።"

ከዚያም ደብተሩን ዘርግታ ማንበብ ጀመረች። አንደኛ ቀን፣ መርካቶ፣ ሳምቡሳ፣ ፉል፣ አንዋር መስጊድ። ሁለተኛ ቀን ፒያሳ፣ አራት ሙዚቃ ቤት በተራ፣ የማጫወቻ መርፌ፣ ሰባት ሸክላ፣ ኬክ። ኬኩ ላይ ስትደርስ አንድ ሽማግሌ ከወደ በሩ የየትኛው ቤት ኬክ እንደሆነ ጠየቁ። ስድስት ኪሎ ላይ ስትደርስ ደግሞ አንበሶቹ ከሰዓት ይተኛሉ፣ በጠዋት ይሻላል የሚል ተነሳ። ጠዋትማ መስጊዱ አለ፣ አይሆንም የሚል መለሰለት። ኦቦ ጉሉማ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። ጥቂት አሰቡና ብዕራቸውን አነሱ።

"'ከተማ ለመጎብኘት' ብዬ እጽፋለሁ" አሉ። "ግን ሁለታችሁን አልለቅም። ባልና ሚስት ያለ ለቅሶ አብረው ከወጡ ኮበለሉ ነው የሚባለው፤ ተጠያቂው እኔ ነኝ። አንዳችሁ ትሄዳላችሁ፣ የቀረው ዋስ ነው። ማን ልበል?"

ሰው ሁሉ ወደ ወዚር ዞረ። ወዚርም "እኔ" ሊል ነበር፤ ቃሉ ጥርሱ ላይ ደርሷል። መርፌውን የሚያውቀው እሱ ነው፣ ሸክላውን የሚለየው እሱ ነው። መሪየምን አየ። ደብተሩን ዘግታ ለእሱ ልትሰጠው እጇን ዘርግታለች፤ ነጠላዋን ለመሄድ አስተካክላለች። ቅር ያላት እንኳ አትመስልም። ነገሩ እንዲህ እንደሚያልቅ ቀድማ የምታውቅ ትመስል ነበር።

"የእሷን ይጻፉት" አለ ወዚር።

እሱ ራሱ እንደሚናገረው፣ ከቢሮው ወጥቶ መቶ እርምጃ ሳይሄድ ቆጨው። መቆጨቱ ግን ወረቀቱን አልቀየረውም። አውቶብሱ እስኪነሳ ሦስት ቀን ነበረው፤ ሊያስተምራት ተቀመጠ። ሸክላ ሲገዛ ወደ ብርሃን ያዘነብሉታል፣ ጭረት ካለው ያበራል። ጠርዙን እንጂ መሐሉን አይነኩም። ሻጩ አጫውቶ ሳያሰማ አይከፈልም። ማጫወቻው ስለማይሠራ ዘፈኖቹን በአፉ ያንጎራጉርላታል። ሦስተኛው ላይ መሪየም ከለከለችው።

"እሱ እንዲህ አይደለም የሚወርደው" አለችና ጀምራ እስከ መጨረሻው አወረደችው፤ መሐል ላይ መሰንቆው የሚገባበትን ሳይቀር። ከዚያ ያኛውን፣ ከዚያ ሌላውን፣ የሸክላውን የጀርባ ገጽ ጭምር። የወዚር ዝርዝር ላይ ያለው ሁሉ የፊት ገጹ ነው፤ ገሰሬዎቹ የሚወዱት እሱን ስለሆነ ወዚር የጀርባውን ገልብጦ የሚያጫውተው ደንበኛ የሌለ ቀን ብቻ ነው። ለመሪየም ግን የሚሻለው ያ የጀርባው ነበር። ወዚር አፉን ከፍቶ አያት። መች ሰማሽው አላት።

"እኔን እኮ የጋረደኝ መጋረጃ ነው፤ ግድግዳ አይደለም።"

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ከጎባ የመጣው አውቶብስ ላይ ወጣች። ልጆቹ ጎባ አያታቸው ዘንድ ናቸው፤ ወዚር አምስቱን ቀን ቁልፉን ራሱ ተከለ፤ ሦስት ጊዜ ጣቱን ወጋ፤ አንድ ኮት ላይ ቁልፉን በግራ በኩል ተክሎ ባለቤቱ የሴት አደረግክብኝ ብሎ አስፈታው። ወልደጊዮርጊስ በየሰዓቱ ብቅ ይላል። ሚስቱ ፒያሳ ኬክ ትበላለች፣ እሱ እዚህ ክር ያላምጣል እያለ ለአላፊ አግዳሚው ይተርካል። ወዚር ይስቃል እንጂ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። መርፌውን ባታገኝስ? ወይስ ሻጩ ሴት ናት ብሎ የተጫረ ቢሸጥላት?

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አውቶብሱ ጭቃ ለብሶ ደረሰ። መሪየም ካርቶን በጭኗ ታቅፋ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ለማንም አልሰጠችውም። ወዚር ሰላምታውን ሳይጨርስ መርፌውን ጠየቀ። ከመቀነቷ መሐረብ ፈታ ሦስት አሳየችው፤ አንዱን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። ሸክላውስ? መርፌህ ያረሰው ሸክላም አዲሱ ተገኝቷል አለች። ዝርዝሩስ ሞላ? ከሰባቱ አራቱን ገዝቼልሃለሁ፣ ሦስቱን ራሴ መረጥኩ አለችው። ሻጩ ወንበር ሰጥቷት ከጠዋት እስከ ዙህር ሶላት የጀርባ ገጽ ሲያሰማት ዋለ፤ በመጨረሻ ማነው ያስተማረሽ ብሎ ጠየቃት። ሦስቱ ምን ምን እንደሆኑ ቢጠይቅ አልነገረችውም።

"አንተ ሄደህ ቢሆን የኔን ትገዛልኝ ነበር?" አለች።

ወዚር አሰበ። "አልገዛም ነበር። ወላሂ፣ የኔ የምትዪው እንዳለሽም አላውቅም ነበር።"

እሺ አለችና በገበያው በኩል ታጠፈች። ቤታቸው በዚህ በኩል ነው ቢላት፣ መጀመሪያ ቀበሌ አለችው። ቢሮው እንደ ባለፈው ሰኞ ሰው ሞልቷል። ወረቀቱን ኦቦ ጉሉማ ፊት አስቀመጠች።

"ተመልሻለሁ፣ ኦቦ ጉሉማ። ባሌን ይልቀቁልኝ።"

ቢሮው ሳቀ። ኦቦ ጉሉማ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ማኅተማቸውን አሳረፉና መነጽራቸውን አወለቁ። ከተማው እንዴት ነው፣ ፎቁ ላይ ወጣሽ ወይ አሏት። ኬኩን የጠየቁት ሽማግሌም እዚያው ነበሩ፤ ቦታ ለቀቁላት። መሪየም ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ እንዲህ ነው እንግዲህ ብላ ከአውቶብሱ ጀመረች፤ ዲንሾ ላይ ስለታዩት ድኩላዎች፣ ዶዶላ ላይ ስለፈነዳው ጎማ።

ወዚር ኪሱ ውስጥ መርፌውን እየዳበሰ በሩ ላይ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ጠጋ በሉልኝ ብሎ እሱም አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። መሪየም ገና ሻሸመኔ አልደረሰችም ነበር።