ማንጎው ሥር ያለው ድንጋይ

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከሶላት በፊት ውዱእ የሚያደርጉት ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብለው ነበር። ከማንቆርቆሪያቸው የሚወርደው ውሃ አንድም ጠብታ ሳይባክን ሥሩ ላይ ይፈስሳል።

በድርቁ ጊዜ ከወሎ ወጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ፣ ኋላ እኛ ጋ ነቀምቴ የገቡ ሰው ናቸው። እዚህ ደግሞ ዝናብ አይጠፋም። ግቢ የምንጋራት የጫልቱ እናት፣ እንደ ራሷ አያት በኦሮምኛ እየጠራቻቸው፣ "አካኮ፣ ሰማዩ እንዲህ እያወረደው ምን ያሰስትዎታል?" እያለች ትስቅ ነበር።

"ሲጎድልማ ማን የማያከብረው አለ?" ይሏታል።

እኔ ግን አፍርባቸው ነበር። ሥራ እንደያዝኩ በረንዳው ላይ ቧንቧ አስገባሁላቸው፤ ለጉልበታቸው አስቤ ነው አልኩ። መረቁኝ። ከዚያ ከፈት አድርገው አዩና፣ "ይሄ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?" አሉኝ።

"ወደ ቦዩ ነዋ፣ አባባ።"

"ቦይ ያፈራል እንዴ፣ ልጄ?"

ማንቆርቆሪያቸውን ሞሉ፤ ቧንቧውን ጥርቅም አድርገው ዘጉና ወደ ማንጎው ሄዱ።

ካረፉ ወዲህ አዛን በተሰማ ቁጥር ዓይኔ ወደዚያ ድንጋይ ይሄዳል።

ትናንት የጫልቱ እናት ልጇን ልታስታጥብ በጆግ ውሃ ይዛ ወጣች። ቧንቧውን አልፋ ማንጎው ጋ ደረሰች። ልጅቷ ድንጋዩ ላይ ልትቀመጥ ስትል ክንዷን ያዘቻት።

"እሱ የአካኮ ነው" አለቻት በኦሮምኛ። "አንቺ ቆመሽ ታጠቢ። ደግሞ ጠጋ በይ፣ ውሃው ሥሩ ላይ ይውረድ።"