ለሜሳ ወደ ቪዮላ ሲዛወር

ለሜሳ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነው። የተወለደው ዛሬ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ ነው፤ አሁንም እዚያው ይኖራል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ቫዮሊን የተማረው በልጅነቱ፣ አቃቂ በሰቃ በነበረ የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ነው። ኪነቱ ሲፈርስ ቫዮሊኑን አልተወም፤ ሳሪስ ከሚለማመድ አነስተኛ የአማተሮች ኦርኬስትራ ጋር መጫወት ቀጠለ።

አምና የኦርኬስትራው ብቸኛ የቪዮላ ተጫዋች አግብታ ሐዋሳ ገባች። የኦርኬስትራው መሪ አቻምየለሽ፣ "ከቫዮሊኖቹ አንድ ሰው ይዛወር" አለች። ሁሉም አንገቱን ደፋ። ለሜሳ ጫማውን ያስር ስለነበር አልሰማም፤ ቀና ሲል ቪዮላው ተሰጠው።

ቪዮላ ቫዮሊንን ይመስላል፤ ገዘፍ ያለ፣ ድምፁም ወፈር ያለ ነው። ኖታው ግን የሚጻፈው በሌላ ቁልፍ ነው። መስመሮቹ ያው አምስት ናቸው፤ መጀመሪያቸው ላይ ያለው ምልክት ሲለወጥ ግን የእያንዳንዱ ነጥብ ስም ይለወጣል። ለሜሳ ይህን ያውቃል፣ ጣቶቹ ግን አያውቁም። በመጀመሪያው ልምምድ አንድ ሙሉ ዜማ ሁለት ደረጃ ከፍ አድርጎ ተጫወተ። ለጥቂት መስመር አምሮም ነበር።

"ጋሽ ለሜሳ፣ የትኛውን ኖታ ነው የሚያነቡት?" አለች አቻምየለሽ።

"ፊቴ ያለውን።"

ቤቱ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ሞካከረና ተስፋ ሲቆርጥ ቪዮላውን ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለው። ሊመልሰው አስቦ ሳለ፣ ከታች የምትኖረው ጨርቅ ነጋዴዋ ኡምሰልማ በር አንኳኳች።

"ጋሽ ለሜሳ፣ ያ ነገር ምን ሆነ?"

"የቱ?"

"ወፍራሙ። በቀጭኑ እናቴን ራሷን ያማት ነበር፤ በወፍራሙ ግን እንቅልፍ ይወስዳት ጀምሮ ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ እኛን ስታይ ትውላለች።"

ለሜሳ ቪዮላውን ይዞ ወረደ። የኡምሰልማ እናት እማማ ከውሲ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ናቸው።

"እማማ፣ ገና እየተማርኩ ነው። አንዱን ነገር እየደጋገምኩ አሰለችዎታለሁ" አላቸው።

"አብሽር። እኔም የምሄድበት የለኝ።"

ኖታውን ወንበር ላይ አቁሞ፣ እያንዳንዱን ነጥብ በልቡ በአዲስ ስሙ እየጠራ ቀስቱን ሳበ። ሲሳሳት ከመጀመሪያው ይጀምራል። ገጹን ሳይጨርስ እማማ ተኙ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲመለስ እየወረደ ይለማመድ ጀመር። አድማጩ ስለሚተኙ አያፍርም፤ ስለማያፍር አይቸኩልም። ክረምቱ ሲወጣ ነጥቦቹን ሳይቆጥር ያነባቸው ነበር።

በኦርኬስትራው ኮንሰርት ቀን ሚስቱ ዳሲቱ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ፣ "አንተን አልሰማሁህም" አለችው።

"ቪዮላ መሐል ነው፤ ለብቻው አይሰማም።"

"ታዲያ ብትቀርስ?"

"ያኔ ይታወቃል።"

ባለፈው ወር ኦርኬስትራው ሌላ የቪዮላ ተጫዋች አገኘ። አቻምየለሽ ወደ ቫዮሊኑ መመለስ እንደሚችል ነገረችው። ቤት ገብቶ ቫዮሊኑን አወጣ፤ ለዓመታት የተጫወተውን ኖታ ዘረጋ፤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮም ሳያስበው በቪዮላው ቁልፍ እያነበበ ተጫወተው።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች ዳሲቱ ከኩሽና።

ለሜሳ ለአቻምየለሽ ደውሎ፣ ሁለት ቪዮላ ቢኖር ምን ይመስላታል ሲል ጠየቃት። ወንበር እንዳለ ነገረችው።