ኮድ ያልነበረው ጠርሙስ

እስከ ዛሬ «ኮድ» ሲባል ደሜ ይፈላል። ይፍላ!

የጤና መድን ደብተር በወጣልን ሰሞን ነው። ቆሰበር ሆስፒታል ሐኪሙ ከእናቴ ጡት አንድ እጢ፣ ከብብቷም አንድ አወጣ። ሁለቱን በየጠርሙሱ መድኃኒት ውስጥ ነክሮ፣ «ባሕር ዳር ለምርመራ አድርሺ» አለኝ። «የጡቱ ምን እንደሆነ ይነግረናል። የብብቱ ደግሞ መሰራጨት አለመሰራጨቱን። ሕክምናዋ የሚወሰነው በዚያ ነው።» በፌስታል ቋጥሬ፣ ዳንግላን አልፌ እስክደርስ ጭኔ ላይ አቅፌያቸው ሄድኩ።

የባሕር ዳሩ ተቀባይ ወረቀቱን አየና የጡቱን አስቀርቶ የብብቱን ጠርሙስ ወደ እኔ ገፋው።

«መድኑ የሚከፍልበት ኮድ አንድ ብቻ ነው የተጻፈው። በአንድ ኮድ አንድ ናሙና ነው የምንቀበለው።»

«ከኪሴ ልክፈል!»

«የመድን ታካሚ በጥሬ ገንዘብ አናስተናግድም። አስተካክለሽ ነይ።»

ማን? እኔ ነኝ ኮድ ጻፊዋ?

ቆሰበር ስመለስ ኮድ የሚጽፈው የሒሳብ ሠራተኛ ስብሰባ ሄዷል፤ እስከ ሰኞ የለም። አንዲት ቁጥር ለመጻፍ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ! ጠርሙሱን ቤት አምጥቼ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። እናቴ «ምነው መለሱት?» ብትለኝ፣ በንዴት «አልፈለጉትም!» አልኳት። ምላሴን ይቁረጠውና፣ ሌላ አልጨመርኩም።

ሰኞ ጠዋት የሒሳብ ክፍሉ መስኮት ላይ ተንጠልጥዬ ጮህኩ። «አንተ ሰውዬ! ሁለት ቦታ የተቀደደች ሴት በአንድ ቁጥር ትጻፋለች?» ሰልፈኛው ሁሉ ከኋላዬ አጉረመረመ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ሁለተኛውን ኮድ ጻፈና ማኅተም መታበት። እሰይ፣ ረታሁ ብዬ ወደ ቤት ከነፍኩ።

ጠርሙሱ ታጥቦ ተደፍቷል።

እናቴ ደጅ እጇን ትታጠባለች፤ ጥፍሯ ሥር አፈር አለ። «ከሰው ገላ የወጣ ሥጋ እንደ ዕቃ መደርደሪያ ላይ አይውልም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በእኛ አገር የተቆረጠ እግር እንኳ ይቀበራል። «እነሱ ካልፈለጉት የራሴ ገላ አይደል? ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ ጠቀለልኩትና ከአባትሽ መቃብር አጠገብ ቀበርኩት።»

አልተቆጣኋትም። በምን አፌ? ማኅተሙ ያልደረቀ ወረቀት ይዤ ቆምኩ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ።

«ኮዱ። ጻፉልን።»

«ተመስገን!» አለች፣ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች። «እንግዲህ ተሰራጭቶ እንደሆነ መቼ ይነግሩናል?»